ጠጠሩን አስቀመጥን፣ ከረጢቱን ጣልነው

አክስቴ ቤት፣ ብፌው ላይ፣ ከሻይ ብርጭቆዎቹ ጎን አንዲት ትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ ነበረች። ውስጧ ሦስት ጠጠሮች አሉ። ሁለቱ የሽምብራ ፍሬ ያህላሉ። ሦስተኛው ትልቅ ነው። ቡናማና ቢጫ የተቀላቀለበት፣ ላዩ ሻካራ። እንግዳ በመጣ ቁጥር አክስቴ ጠርሙሷን ታነሳና ታንቀጫቅጫታለች። "ይኸውላችሁ፣ ይሄን ተሸክሜ ነው ስንት ዓመት የኖርኩት" ትላለች። እንግዳውም "ተመስገን ነው፣ እንኳን ወጣልሽ" ይላል። ቡናው ይቀጥላል።

እቴቴ ነበር የምላት። የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ያሳደገችኝም ግማሹን እሷ ናት።

ዛሬ ፓቶሎጂስት ነኝ። ከሰው አካል የወጣ ሥጋ ወደ እኛ ይመጣል፤ ከፍተን እናየዋለን፣ በማይክሮስኮፕ እንመረምረዋለን፣ ምን እንደሆነ ጽፈን እንሰጣለን። በሳምንት ውስጥ ብዙ የሐሞት ከረጢት ጠረጴዛዬ ላይ ይደርሳል። አንዱንም ሳልከፍት አልፌ አላውቅም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ፋሲካ በግ ላውራ። ልጅ ሆኜ በግ ሲታረድ እግር የምይዘው እኔ ነበርኩ። አጎቴ ቆዳውን ገፎ ሆዱን ሲከፍት እቴቴ ሳፋ ይዛ አጠገቡ ትቆማለች። ዱለቱ የሷ ነዋ። ጉበቱ ብቅ ሲል ድምጿ ይቀየራል። "ሐሞቷን! ሐሞቷን ተጠንቀቅ!" አጎቴ አረንጓዴዋን ከረጢት አንገቷ ላይ በሁለት ጣቱ ጥብቅ አድርጎ ይይዛታል። ከዚያ በቢላዋ ጫፍ ከጉበቱ ቀስ እያለ ያላቅቃታል። በጣም ከተጣበቀች አይታገላትም። ትንሽ ጉበት አብሮ ቆርጦ ያነሳታል። "ከምትፈስ ትንሽ ጉበት አብሯት ይሂድ" ይል ነበር።

ይህን አባባል ከሃያ ዓመት በኋላ በሌላ ቋንቋ፣ በቀዶ ሕክምና መጽሐፍ ውስጥ አገኘሁት። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እቴቴን ለዓመታት ያመማት ነገር ስሙ "ጨጓራ" ነበር። እኛ አገር ከደረት በታች ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ነው። ዶሮ ወጥ በበላች ማግስት በቀኝ ጎኗ፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር ይይዛታል። አንዳንዴ ቀኝ ትከሻዋ ድረስ ይወጣል። ተልባ ትጠጣለች። ቀዝቃዛ ወተት ትጠጣለች። ከፋርማሲ የጨጓራ ክኒን ይገዛላታል። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሲለቃት ሁላችንም ክኒኑ ሠራ እንላለን። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጠጠሩ የከረጢቷን አንገት ዘግቶ ይቆይና ወደ ኋላ ሲመለስ ሕመሙም አብሮ ይሄዳል። ቅባት ስንበላ ከረጢቷ ሐሞቷን ለመልቀቅ ትጨመቃለች። ጠጠር ካለባት የምትጨመቀው እሱ ላይ ነው። ለዚህ ነው በዓል በመጣ ቁጥር የሚብሰው።

በስተመጨረሻ አልትራሳውንድ ተነሳች። ጠጠር ተገኘ። በላፓራስኮፒ፣ ማለትም በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታየ በሚሠራው ቀዶ ሕክምና ከረጢቷ ወጣላት። በሦስተኛው ቀን ቤቷ ገባች። ያኔ የሕክምና ተማሪ ነበርኩ፤ ሦስተኛ ዓመት። ቤተሰቡ ዙሪያዬን ከቦ እያስረዳሁ እንደ ትልቅ ሰው ይሰማኝ ነበር። ጠጠሮቹን በጠርሙስ የሰጡንም ያኔ ነው። አገላብጬ አየኋቸው፣ በጣም አደነቅኳቸው።

ጠጠሮቹ የወጡበት ከረጢት የት እንደደረሰ ግን አልጠየቅኩም። ማንም አልጠየቀም። በኋላ ሳጣራ ወደ ፓቶሎጂ አልተላከም። ተጥሏል። የቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ ላይ አንድ መስመር ነበረች። ከረጢቷ ስትወጣ ተቀድዳ ሐሞት ፈስሷል፣ ቦታው ታጥቧል ይላል። ይህ በጠጠር ቀዶ ሕክምና ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው። ከረጢቱ ውስጥ ጠጠር ብቻ ካለ ከታጠበ አብዛኛውን ጊዜ ያበቃለታል።

አንድ ዓመት ተኩል አለፈ። እቴቴ እምብርቷ ላይ፣ የቀዶ ሕክምናው ጠባሳ ሥር፣ ጠንካራ ነገር ዳሰሰች። ባቄላ የሚያህል። አያማትም። "ክሩ ይሆናላ" አለች። እኔም ይሆናል አልኩ። ቀስ በቀስ አደገ። ከዚያ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። ጎረቤት "የወፍ በሽታ ነው" አላትና ቅጠል ጨምቀው የሚሰጡ ሰው ዘንድ ወሰዷት። ሁለት ሳምንት እዚያ ሄደ። እኔ ክፍለ ሀገር ተመድቤ ነበር። ስመለስ ሽንቷ እንደ ኮካ ኮላ ጠቁሮ፣ ገላዋን እያሳከካት እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች።

ከእምብርቷ እብጠት ናሙና ተወሰደ። ስላይዱን ለማየት አስፈቅጄ ገባሁ። ያየኋቸውን ያን ጊዜ በደንብ አላነበብኳቸውም፤ ዛሬ ግን ዓይኔን ስጨፍን ይታዩኛል። እምብርት ሥር፣ ቆዳና ስብ ብቻ መኖር ያለበት ቦታ ላይ፣ የተጣመሙ ትንንሽ ቱቦዎች። የሐሞት መንገድ ቱቦ ይመስላሉ ግን አይደሉም። ዙሪያቸው ጠባሳ የመሰለ ጠንካራ ሥጋ። ሪፖርቱ አዴኖካርሲኖማ ይላል፤ ካንሰር ማለት ነው። ምንጩ ሳይሆን አይቀርም የተባለው የሐሞት ከረጢት ነው።

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ሐሞቴ ፈሰሰ። ቋንቋችን ለወኔ ማጣት ሌላ ቃል አልሰጠኝም። እሷ ግን ሐሞተ ኮስታራ ሴት ነበረች። ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። "ከረጢቷ ወጥታለች አላላችሁኝም እንዴ? የወጣ ነገር እንዴት ይታመማል?"

መልሱን በሥርዓቱ መመለስ የቻልኩት ከዓመታት በኋላ ነው። እሷ ግን የለችም። ስለዚህ ለእናንተ ልመልስ።

የሐሞት ከረጢት ትንሽ ናት። ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች። ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ሐሞት ትይዛለች፤ አንድ የቡና ሲኒ አይሞላም። ጤነኛ ከሆነች ግድግዳዋ ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ከዚህ በሽታ ጋር የተያያዘው መከራ ሁሉ ከዚህ ስስ ግድግዳ ይነሳል።

አንጀት እንዲህ አይደለም። የአንጀት ግድግዳ ደረጃ ደረጃ አለው። ከውስጥ ሽፋኑ በታች ቀጭን የጡንቻ መስመር፣ ከሱ በታች ሰፋ ያለ ልል ንጣፍ፣ ከዚያ ወፍራም ጡንቻ። ከውስጥ የተነሳ ካንሰር ወደ ውጭ ለመድረስ ብዙ መሻገር አለበት። የሐሞት ከረጢት ያ ሰፊ ንጣፍ የላትም። ያቺ ቀጭን የጡንቻ መስመርም የለችም። የውስጥ ሽፋን፣ አንድ ሳሳ ያለ ጡንቻ፣ ከዚያ ወዲያው ስብና የደም ሥር ያለበት ሥጋ። አለቀ።

በሆድ ዕቃ በኩል ያለው ጎኗ ቢያንስ ሴሮሳ የሚባል ለስላሳ መጠቅለያ አለው። ጉበት ላይ የተኛው ጎኗ እሱም የለውም። ድሮ የቀበሌ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ይገባዋል። ሁለት ቤት አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራል፤ የጎረቤትህ ሬዲዮ አንተ ቤት ይሰማል። የሐሞት ከረጢትና ጉበት እንደዚያ ናቸው። ግድግዳዋ ውስጥ ያለው ሥጋ ጉበቱ ውስጥ ካለው ሥጋ ጋር ይያያዛል። ትንንሽ ደም መላሾቿም ዙሪያውን ሳይዞሩ በቀጥታ ጉበት ውስጥ ይገባሉ። ሐኪሞች በቁጥር 4ቢ እና 5 ብለው የሚጠሯቸው የጉበት ክፍሎች ላይ። ካንሰሩ ጡንቻዋን ካለፈ ሩቅ መሄድ አይጠበቅበትም። ጎረቤት ቤት ገባ ማለት ነው።

ለዚህ ነው በዚህ ካንሰር የሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ዕጣ የሚወስነው። ዕጢው የውስጥ ሽፋኑ ላይ ብቻ ካለ ቲ 1ኤ እንለዋለን። ጡንቻው ውስጥ ከገባ ቲ 1ቢ። ጡንቻውን አልፎ ግን ከከረጢቷ ሳይወጣ ከቆመ ቲ 2። ሴሮሳውን ከቀደደ፣ ወይም ጉበቱን ወይም ሌላ አንድ ጎረቤት አካል ከያዘ ቲ 3። ዋናውን የጉበት ደም ሥር ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ጎረቤት አካል ከያዘ ቲ 4። ቲ 1ኤ ላይ የተገኘ ሰው ከረጢቷ መውጣቷ ብቻውን መድኃኒቱ ነው፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ይድናል። ከቲ 1ቢ ጀምሮ ግን ከረጢቷን ማውጣት ብቻ አይበቃም። ሰውየው ወደ ቀዶ ሕክምና ተመልሶ ይገባል። ከረጢቷ የተኛችበት ጉበት 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አብሮ ይነሳል። አካባቢው ያሉ የሊምፍ ዕጢዎችም፣ ማለትም ከሥጋ የሚመጣውን ሊምፍ የሚባል ፈሳሽ የሚያጣሩት ትንንሽ ፍሬዎች፣ ይለቀማሉ። ለምርመራ እኛ ጋ ቢያንስ ስድስት እንዲደርሱ ይፈለጋል።

"ትንሽ ጉበት አብሯት ይሂድ።" አጎቴ በፋሲካ በግ ላይ ያደርገው የነበረው ይኸው ነው።

ዕጢው የከረጢቷ የትኛው ጎን ላይ ነው የሚለውም ለውጥ ያመጣል። በ2015 እ.ኤ.አ. ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ ሕመምተኞችን ያየ ጥናት ወጥቶ ነበር። ሁለት ሰዎች እኩል ቲ 2 ላይ ሆነው፣ ዕጢው በሆድ ዕቃ በኩል ያለበት ሰው አምስት ዓመት የመኖር ዕድሉ 65 ከመቶ ገደማ ሆነ። በጉበት በኩል ያለበት 43 ከመቶ ገደማ። ጥልቀቱ አንድ ነው፤ የተለየው ግድግዳው ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የደረጃ ምደባ ሁለቱን ለያይቷቸዋል። ከረጢት ስቀበል መጀመሪያ የማደርገው የጉበት ጎኗን ቀለም መቀባት የሆነው ለዚህ ነው። ከተቆራረጠች በኋላ የትኛው ጎን የትኛው እንደነበር ቀለሙ ያስታውሰኛል።

ወደ እቴቴ ጥያቄ ልመለስ። የወጣ ነገር እንዴት ይታመማል?

አንዱ መንገድ እምብርት ነው። በላፓራስኮፒ ከረጢቷ በአንዷ ቀዳዳ በኩል ተስባ ትወጣለች፤ ብዙ ጊዜ በእምብርት። ውስጧ ካንሰር ካለና ስትወጣ የቀዳዳውን ጠርዝ ከነካች ሴሎች እዚያ ይቀራሉ። ቁስሉ ሲድን አብረው ይበቅላሉ። ለዚህ ነው ዛሬ ጥንቁቅ የሆነ ሐኪም ከረጢቷን ሆድ ውስጥ እያለች በፕላስቲክ ከረጢት ከትቶ የሚያወጣት።

ሌላው መፍሰሷ ነው። ካንሰር ያለባት ከረጢት ከተቀደደች ሐሞቱ የካንሰር ሴል ይዞ ሆድ ዕቃ ላይ ይረጫል። የሆድ መጋረጃ ላይ፣ ሞራ ላይ፣ አንዳንዴ የሴት እንቁላል ዕጢ ላይ ተዘርቶ ይበቅላል። ብዙውን ጊዜ ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መንገድ የጀመረ ነገር አለ። ካንሰሩ የሚጓዝበት ሊምፍ ከከረጢቷ አንገት አጠገብ ካለች አንዲት የሊምፍ ዕጢ ይነሳል፤ የሐሞት ቱቦውን ተከትሎ ወደ ቆሽት ጀርባ ይወርዳል፤ ከዚያ ትልቁ የደም ቧንቧ አጠገብ ይደርሳል። ነርቭን ጠምጥሞ የሚሄድም አለ፤ ይሄኛው በጣም ተንኮለኛ ነው። ቱቦው ከተዘጋ ሐሞት መውጫ ያጣና ወደ ደም ይመለሳል። ዓይን ቢጫ ይሆናል። ሽንት ይጠቁራል። ገላ ያሳክካል። የወፍ በሽታ የተባለው ይሄ ነበር።

እምብርቷ ላይ የበቀለው ከየትኛው መንገድ እንደመጣ እገምታለሁ እንጂ አላውቅም። ከረጢቷ በወጣችበት ቀን ዕጢው ቲ 1 ነበር? ቲ 2? በጉበት ጎን ወይስ በሆድ? ያኔ ተመልሳ ብትገባ ትድን ነበር? ይህን ሊመልስ የሚችል አንድ ነገር ብቻ ነበር። እሱን ጣልነው። ጠጠሩ ግን ብፌ ላይ ተቀምጧል። ጠጠር ምንም አይናገርም።

አንድ ነገር ግን ተናግሯል። እሷ ካረፈች በኋላ ጠርሙሷን ወሰድኩና ትልቁን በማስመሪያ ለካሁት። 3 ሴንቲ ሜትር ከ2 ሚሊ ሜትር። ከ3 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ጠጠር ካንሰሩን ከትንሽ ጠጠር ጋር ሲነጻጸር ወደ አስር እጥፍ ያህል ያስጠረጥራል። መጽሐፍ ላይ አንብቤ ያለፍኩት ቁጥር ነው። በእጄ ይዤው ሳለ ነው የገባኝ።

እዚህ ላይ ማንም እንዳይደነግጥብኝ። የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው ብዙ ነው። ከመቶው ሦስት እንኳ ይህ ካንሰር አይይዛቸውም። የሚሆነው በተቃራኒው ነው። ካንሰሩ ከያዛቸው ሰዎች ከአስሩ ሰባት ስምንቱ ጠጠር አለባቸው። ጠጠሩ ለዓመታት ግድግዳዋን ሲፈትግ የውስጥ ሽፋኗ ይቆጣል፣ ይቀየራል፣ የአንጀት ወይም የጨጓራ ሽፋን መምሰል ይጀምራል። ከዚያ መልኩ መበላሸት ይጀምራል። ከዚያ ካንሰር። ይህ ጉዞ ከአስር ዓመት በላይ ይወስዳል ተብሎ ይታመናል። ሴቶች ላይ ከወንዶች ሁለት ሦስት እጥፍ ይበዛል። ጠጠርም ሴቶች ላይ ስለሚበዛ ነው። ከ1 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ፖሊፕ (ከውስጥ ሽፋኗ ላይ የበቀለ ሥጋ)፣ ግድግዳዋ ላይ ኖራ እየተጋገረ የደረቀች ከረጢት፣ እነዚህም ዝም የማይባሉ ናቸው።

ታይፎይድስ? በየጤና ጣቢያው "ታይፎይድ አለብህ" ያልተባለ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የታይፎይድ ባክቴሪያ አንዳንድ ሰው ላይ ከበሽታው በኋላ ሐሞት ከረጢት ውስጥ፣ በተለይ ጠጠር ላይ ተለጥፎ ለዓመታት ይኖራል። እንዲህ ተሸካሚ የሆኑ ሰዎች ላይ ይህ ካንሰር በብዙ እጥፍ ይበዛል። ስኮትላንድ ውስጥ አበርዲን የምትባል ከተማ አለች። በ1964 እ.ኤ.አ. በቆርቆሮ የታሸገ ሥጋ ምክንያት ከ400 በላይ ሰው በታይፎይድ ታመመባት። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሕይወታቸው ሲጠና፣ ታመው የዳኑት ላይ የዚህ ካንሰር ጭማሪ አልታየም። ጭማሪው የታየው ባክቴሪያውን ይዘው የቀሩ ሌሎች ተሸካሚዎች ላይ ነው። ታሞ መዳንና ተሸክሞ መኖር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ "ልጅ ሆኜ ታይፎይድ ይዞኝ ነበር" የሚለኝን ሰው ተረጋጋ እለዋለሁ።

በሽታውን ሰው ካወቀው ቆይቷል። ቪየና ውስጥ ማክሲሚሊያን ስቶል የሚባል ሐኪም አስከሬን ሲመረምር አይቶ የመዘገበው በ1777 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው። እስካሁንም የሚበዛው ሕመምተኛ ዘግይቶ ነው የሚታወቀው። በዓለም ላይ በዓመት ከ120 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል፤ 89 ሺህ ገደማ ይገድላል። የያዘውና የገደለው ቁጥር ምን ያህል እንደተቀራረበ አስተውሉ።

ከሁሉም አገር እኔን የምታስቀናኝ ቺሌ ናት። ይህ ካንሰር ከሰሜን ሕንድ የጋንጅስ ሸለቆ ጋር በዓለም ላይ በጣም ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። በተለይ በደቡብ፣ ማፑቼ በሚባሉት የአገሬው ተወላጅ ሴቶች ላይ ይከፋል። ቺሌዎች ታዲያ አልተቀመጡም። በ2006 እ.ኤ.አ. የጤና ዋስትና ሕጋቸው ውስጥ አስገቡት። ዕድሜው ከ35 እስከ 49 የሆነና ጠጠር የተገኘበት ሰው፣ ካንሰርን ለመከላከል ሲባል ከረጢቷ እንድትወጣለት መብቱ ነው። ዕድሜውን ያዩት እንደሆነ ሐሳቡ ይገባል። ያ የአስር ዓመት ጉዞ ሳያልቅ መቅደም ነው። ፓቶሎጂስቶቻቸውም በዚሁ ምክንያት ከማንም በላይ ብዙ ከረጢት አይተዋል። ከረጢቷን ሙሉ በሙሉ ቆራርጦ ማየት ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ እኛ የተማርነው ከነሱ ሥራ ነው።

ምክንያቱም ይህ ካንሰር ሁልጊዜ እንደ ዕጢ አይታይም። ብዙ ጊዜ ግድግዳዋ ትንሽ ወፈር ይላል፣ በቃ። በጠጠር ለዓመታት የቆሰለች ከረጢትም እንደዚያው ትወፍራለች። ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም። በጣት ስዳስስ ጠንከር ያለ ቦታ ሊያስጠረጥረኝ ይችላል፤ ላያስጠረጥረኝም ይችላል። በዚያ ላይ የውስጥ ሽፋኗ በራሱ ጊዜ ጡንቻው መሀል ጠልቆ የሚገባበት ጉድጓድ አለ። ሮኪታንስኪ እና አሾፍ በሚባሉ ሁለት ሊቃውንት ስም ይጠራል። የተበላሸ ሴል እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ካየሁ፣ ዘልቆ የገባ ካንሰር ነው ወይስ ጉድጓዱን ተከትሎ የወረደ ብቻ ነው? መልሱ የአንድን ሰው ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይወስናል። እንዲህ ዓይነት ስላይድ ሲገጥመኝ ብቻዬን አልፈርምም። ለባልደረባዬ አሳያለሁ። አንዳንዴ ለሁለት ቀን እተወውና እመለስበታለሁ።

በሌላው ዓለም ሁሉም ከረጢት ወደ ፓቶሎጂ ይላክ ወይስ ሐኪሙ ከፍቶ አይቶ የሚያጠራጥረው ብቻ ይላክ የሚል ክርክር አለ። በጠጠር ምክንያት ከሚወጡት ከረጢቶች ካንሰር የሚገኝበት ከመቶ አንድ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። ገንዘብና ሰዓት ይቆጥባል የሚሉ አሉ፤ አልፈርድባቸውም። እኛ ጋ ግን ጠጠር በጨጓራ ስም ለአስር ዓመት ይኖራል። አልትራሳውንድ የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው። ከመቶው አንዷ የማን እንደሆነች ሳይታይ አይታወቅም። የኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ሁሉም ይላክ።

ችግሩ መላኩ ቀላል አይደለም። ፓቶሎጂስት የሌለበት ከተማ ብዙ ነው። ብዙ ቦታ ናሙናውን ይዞ የሚዞረው ቤተሰብ ነው። ሥጋ እንዳይበላሽ በሚያደርገው በፎርማሊን ዕቃ፣ ዕቃው በጥቁር ፌስታል፣ ፌስታሉ በአውቶቡስ። የምርመራውን ክፍያ ደግሞ ራሱ ይከፍላል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የቀረ ብር ከሌለስ? "ጠጠር ነው፣ ወጥቷል፣ ምን ያደርግልናል" ይልና ይተወዋል። እኔ ያን ቤተሰብ አልወቅስም። የኛ ቤት ሐኪም ሊሆን የቀረበ ልጅ እያለው አልጠየቀም። አስተዳዳሪዎችን ግን እጠይቃለሁ። የፓቶሎጂው ዋጋ ከቀዶ ሕክምናው ዋጋ ጋር አብሮ ቢገባ ማንም ሊተወው አይችልም። ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ሰው ደግሞ አንዲት ጥያቄ ይያዝ፣ "ከረጢቷ ወዴት ትላካለች?" ብላችሁ ጠይቁ። ውጤቱንም ሄዳችሁ ተቀበሉ። የተላከ ግን ማንም መጥቶ ያልወሰደው ሪፖርት መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ ያሳዝነኛል።

እቴቴ ከምርመራው በኋላ አምስት ወር ቆየች። ቢጫነቱን ለማቅለል ቱቦ ገባላት። ማሳከኩ ሲተዋት እንደገና ቡና አፈላች። ኬሞ ሁለት ዙር ወሰደች። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ ጥናት በዚህ በሽታና በሐሞት ቱቦ ካንሰር ላይ ሁለት መድኃኒት አብሮ መስጠት አማካይ ዕድሜን ከ8 ወር ወደ 12 ወር ገደማ እንደሚያራዝም አሳይቶ ነበር። አራት ወር። ለሚጠብቅ ሰው አራት ወር ትልቅ ነው። እሷ ግን ሦስተኛውን ዙር "ይብቃኝ" አለች። እሺ አልኳት። ፋሲካ ደረሰ። አጎቴ በጉን ሲከፍት በረንዳ ላይ ጋቢ ለብሳ ተቀምጣ ነበር። ሳፋውን የያዘው እኔ ነኝ። ጉበቱ ብቅ ሲል ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን። ድምጿ ደክሞ ነበር፣ ግን ወጣ። "ሐሞቷን ተጠንቀቅ።"

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ወጣት ጥቁር ፌስታል ይዞ መጣ። የእናቱ ነው። ከክፍለ ሀገር ሌሊት ተነስቶ ነው የመጣው። ዕቃውን ከፈትኩት፤ ፎርማሊኑ ዓይን ያቃጥላል። ከረጢቷ ከነጠጠሯ አለች።

"ዶክተር፣ ጠጠሩን ልውሰደው ይሆን? እማዬ ማየት ትፈልጋለች" አለኝ።

"ስንት ዓመታቸው ነው?"

"ሃምሳ ስምንት።"

ከታች እስከ አንገቷ በመቀስ ከፈትኳት። ጠጠሮቹን አወጣሁ። ትልቁ 2 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። አጠብኳቸውና በትንሽ ዕቃ አድርጌ ሰጠሁት። ከዚያ ጓንቴን ቀይሬ ግድግዳዋን ከአንገቷ ጀምሬ ወደ ታች በጣቴ ዳሰስኩ። ከመሀል ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በጉበት ጎን፣ አንድ ቦታ ወፈር ይላል። ቁስል ሊሆን ይችላል። ቀለም ቀባሁት። ከዚያ ቦታ ስድስት፣ ከሌላው አራት፣ ከቱቦዋ አፍ አንድ ቁራጭ ወሰድኩ።

ልጁ ጠጠሩን ኪሱ ከቶ በር ላይ ቆሟል።

"ስልክህን ጻፍልኝ" አልኩት። "ውጤቱ ሐሙስ ይደርሳል። ካልመጣህ እኔ እደውላለሁ።"